የመልቀቂያ ፈተና ሸክም

ፈተና የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ትርጉሞችን አጣምሮ ይዟል። በአንድ በኩል የተማሪን ዕውቀት ለመመዘን በትምህርት ቤት የሚቀርበውን ጥያቄ ይገልጻል፤ በሌላ በኩል በሰው ላይ የሚደርሰውንና ጽናቱን የሚመዝነውን መከራ ያመለክታል። በአብዛኛው ጊዜ ሁለቱ ትርጉሞች ተለያይተው ይኖራሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚያጠናቅቅ ወጣት ግን ሁለቱን በአንድነት ያውቃቸዋል። የብዙ ዓመታት ድካም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመዘናል፤ የወላጅ ተስፋ፣ የጎረቤት ግምትና የራስ ምኞት በአንድ የመልስ ወረቀት ላይ ያርፋሉ። ይህ ሸክም ከየት እንደሚመጣ፣ በወጣቱ ላይ ምን እንደሚያደርስና በምን ሊቀል እንደሚችል ለመረዳት በጎረቤት አገር በሱዳን የምትገኘው የባሕሪ ከተማ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ተማሪዎቿ ፈተናን በሁለቱም ትርጉሙ ቀምሰዋልና።

ባሕሪ ከሱዳን ሦስት ተጎራባች ታላላቅ ከተሞች አንዷ ናት። በጎጃም ከሰከላ ተነሥቶ በጣና በኩል የሚወርደው ዓባይ ከደቡብ ከሚመጣው ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ፣ በሁለቱ ወንዞች መካከል ካርቱም፣ በምዕራብ ኦምዱርማን፣ በሰሜን ደግሞ ባሕሪ ተቆርቁረዋል። ሦስቱን ከተሞች የሚያገናኟቸው ድልድዮች ናቸው። ባሕሪ በተለይ በፋብሪካዎቿ ስትታወቅ የኖረች ብትሆንም የትምህርት ከተማም ነበረች። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ በዚያው በሻምባት ሠፈር ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ሱዳን ራሷን የቻለች አገር ስትሆን ደግሞ የባሕሪ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ስለዚህ የባሕሪ ተማሪ የዩኒቨርሲቲን አጥር ከልጅነቱ ጀምሮ እያየ ያድግ ነበር። አጥሩን አልፎ ለመግባት ግን አንድ ትልቅ ፈተና ማለፍ ግዴታው ነው።

ይህ ፈተና በሱዳናውያን ዘንድ «ሸሃዳ» እየተባለ ይጠራል፤ ቃሉ በዐረብኛ ምስክርነት ወይም የምስክር ወረቀት ማለት ነው። ተማሪዎች ዐረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የሃይማኖት ትምህርት በጋራ ይፈተናሉ፤ ሌሎቹን የትምህርት ዓይነቶች እንደመረጡት የትምህርት ዘርፍ ይወስዳሉ። ውጤቱ በመቶኛ ይሰላል፤ ተማሪው በየትኛው ዩኒቨርሲቲና በየትኛው ፋኩልቲ እንደሚመደብም ይኸው ቁጥር ይወስናል። እንደ ሕክምና ያሉት ተፈላጊ ፋኩልቲዎች ከመቶ 90 በላይ እስከ መጠየቅ ይደርሳሉ። ውጤቱ ሲወጣ የትምህርት ባለሥልጣኖች መግለጫ ይሰጣሉ፤ የላቀ ውጤት ያገኙት ተማሪዎች ስምም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነገራል። በዚያች ሰዓት በአንዱ ቤት እልልታ ይሰማል፤ በሌላው ቤት በሩ ይዘጋል።

የመጨረሻው ዓመት ኑሮ ከሌሎቹ ዓመታት የተለየ ነው። በሱዳን በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ ጦርነት ከመነሣቱ በፊት እንኳ የኤሌክትሪክ መብራት በየጊዜው ይቋረጥ ነበር። ተማሪው ከመደበኛው ትምህርት በኋላ አቅም ካለው ለአስጠኚ ከፍሎ ይማራል፤ አቅም የሌለው ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ተሰባስቦ ያጠናል። ቤተሰቡም የራሱን ኑሮ ለልጁ ጥናት ሲል ያስተካክላል፤ እንግዳ ይቀንሳል፣ ድምፅ ይዝጋል፣ ገንዘብ ይቆጥባል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የሚመነጭ ነው። ነገር ግን ልጁ የሚደረግለትን በተመለከተ ቁጥር መክፈል ያለበት ዕዳ እየበዛ የመጣ ይመስለዋል። የፈተናው ሸክም ከመጽሐፉ ክብደት ይልቅ ከዚህ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

ሸክሙ በሱዳን ብቻ የታየ አይደለም። ፈተናን ለሹመት መለኪያ በማድረግ ረገድ ቻይና ከሁሉ ትቀድማለች። በዚያ አገር ከሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ አንሥቶ እ.ኤ.አ. እስከ 1905 ድረስ የመንግሥት ሹመት የሚፈልግ ሰው በጽሑፍ ይፈተን ነበር። ለክፍለ አገር ፈተና የቀረቡት ተፈታኞች እያንዳንዳቸው በጠባብ ክፍል ውስጥ ገብተው እዚያው እያደሩ ይጽፉ እንደነበር ታሪክ ይናገራል። በዘመናችን የዚያን ቦታ የያዘው «ጋኦካኦ» የተባለው የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ13 ሚሊዮን በላይ ወጣቶች ለዚህ ፈተና ተመዝግበዋል። ቻይናውያን ፈተናውን ሲገልጹ እልፍ ሠራዊትና እልፍ ፈረስ በአንድ ግንድ ድልድይ ላይ ሲሻገር ይመስላል ይላሉ።

ይህ አነጋገር የሸክሙን ዋና ምክንያት በሚገባ ያሳያል። ብዙ ሰው በአንድ ጠባብ ድልድይ ለመሻገር ሲጋፋ ከመካከሉ የሚወድቅ አይጠፋም፤ የወደቀው ሁሉ ግን መራመድ የማይችል ነው ሊባል አይገባም። የፈተና ጭንቀትም የሚመጣው ከተማሪው ስንፍና ወይም ከፈተናው ክብደት ብቻ አይደለም። ይልቁንም የሚፈልጉት ብዙ፣ የሚገባበት ቦታ ግን ጥቂት ከመሆኑ ይመጣል። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲዎቿን ቁጥር በፍጥነት አብዝታለች። ይሁን እንጂ ተመራቂውን የሚያስከብሩትና ሥራ የሚያስገኙት የትምህርት ዘርፎች ጥቂት ሆነው በመቅረታቸው ግፊያው አልቀነሰም፤ ከትልቁ በር ወደ ውስጠኛው በር ተዛወረ እንጂ።

የኢትዮጵያም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። «ማትሪክ» እየተባለ ይጠራ የነበረው የመልቀቂያ ፈተና ለረጅም ዘመን የወጣቱን ዕጣ ሲወስን ኖሯል። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሆኗል፤ የፈተናው ሸክም ግን አልቀለለም። በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ በመሰራጨቱ ግንቦት 22 ቀን ሊጀመር የነበረው ፈተና ተሰርዞ ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ተሰጥቷል። ያጠናውም ያላጠናውም እኩል ጠበቀ። ስርቆቱና ኩረጃው እየበዛ በመሄዱም የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከየቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ።

የዚያ ዓመት ውጤት ብዙዎችን አስደነገጠ። ከ896,520 ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ ተማሪዎች ሦስት ያህል መሆናቸው ነው። በተከታዩ ዓመትም ቁጥሩ ከዚህ እምብዛም አልተለየም። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ የሚሆኑት ግማሽና ከዚያ በላይ አምጥተዋል። ከመቶ ተማሪዎች ዘጠና ያህሉና ከዚያም የሚበልጡት ሲወድቁ ጥፋቱን በተማሪዎቹ ላይ ብቻ መጫን ትክክል አይሆንም። ፈተና የሕመምተኛን ትኩሳት እንደሚለካ መሣሪያ ነው። ትኩሳቱን ያሳያል፤ አያድንም። የመጽሐፍ፣ የቤተ ሙከራና በቂ ሥልጠና ያለው መምህር እጥረት ለዓመታት ሲከማች ቆይቶ በመጨረሻው ዓመት በአንድ ቁጥር ይገለጣል፤ ቁጥሩ የሚጻፈው ግን በተማሪው ስም ነው። ውኃ ከሩቅ እየቀዳች፣ እንጀራ እየጋገረች የምትማረው የገጠር ልጃገረድም በጥናት ብቻ ከሚውለው የከተማ ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን ትመዘናለች።

ይህ ሸክም በሰው አካልና አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ነገር በጥናት ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ1908 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ዬርክስና ዶድሰን፣ በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ መጠነኛ ግፊት ትምህርትን እንደሚያፋጥን፣ ከመጠን ያለፈ ግፊት ግን ከባድ ሥራን እንደሚያሰናክል አመለከቱ። በሰውም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ጥቂት ስጋት ተማሪውን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ መጽሐፍ ያስይዘዋል። ስጋቱ ሲበዛ ደግሞ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እጅ ያልባል፣ አሳብ ይበተናል። ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዘው የሚችለው ነገር ውሱን ነው። «ብወድቅስ?» የሚለው ጥያቄ ያንን ቦታ ሲይዝ ለሒሳቡ የሚቀረው ሥፍራ ይጠባል። ትናንት በቤቱ የሠራውን ጥያቄ ዛሬ በአዳራሹ ውስጥ የሚረሳው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ያልተማረ ሳይሆን የተጨነቀ ነው።

ጭንቀቱ የሚወልዳቸው ሁለት የተሳሳቱ የጥናት ልማዶች አሉ። አንደኛው ሽምደዳ ነው። ሳይረዱ የሸመደዱት ነገር ጥያቄው በሌላ መልክ ሲቀርብ አይጠቅምም። ሁለተኛው እንቅልፍ አጥቶ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሁሉን ነገር ለመያዝ መሞከር ነው። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ሰው ያጠናውን ነገር ካልከለሰው አብዛኛውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ እንደሚረሳ፣ በየጊዜው እየከፋፈለ የከለሰው ግን እንደሚቆይለት አሳይቷል። እንቅልፍም የጥናት ጠላት አይደለም፤ አእምሮ በቀን የተቀበለውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ለዚህም ነው የሕክምና ባለሙያዎች በዐሥራዎቹ ዕድሜ ላለ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል የሚሉት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአበው አነጋገርም ለዚህ ዓይነቱ ጥናት የተነገረ ይመስላል።

እስከዚህ የተነገረው በሰላም ጊዜ ስለሚታየው ሸክም ነው። በባሕሪ ግን ፈተና በሁለተኛው ትርጉሙ፣ በመከራነቱ መጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ተነሣ። የመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች በዚያን ጊዜ ለሸሃዳ በመዘጋጀት ላይ ነበሩ። ውጊያው የተጀመረው በከተሞቹ መካከል በመሆኑ የባሕሪ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ገና በጦርነቱ መጀመሪያ ሥራውን አቆመ፤ በወንዝ ዳር ያለችው ከተማ ውኃ ተጠማች። ነዋሪዎቿ ወደ ሰሜን ወደ ሸንዲና ወደ አትባራ፣ ወደ ሌሎች ክፍላተ አገርና ወደ ግብፅ ተሰደዱ። ባሕሪን ከኦምዱርማን ጋር ያገናኝ የነበረው የሻምባት ድልድይ በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ፈረሰ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በሱዳን ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ከትምህርት ውጭ መሆናቸውን አስታወቀ።

በዚያ ዓመት ሊፈተኑ የነበሩት ወጣቶች የተሸከሙት ነገር ለየት ያለ ነው። ፈተናው አልተሰጣቸውም፤ አልቀረላቸውምም። ቀኑ ሳይታወቅ በቀጠሮ ተንጠልጥለው ቆዩ። የሚፈትናቸው ስላልነበረ የመውደቅ ስጋት ባይኖርባቸውም ወደፊት የሚያሻግራቸው በር ደግሞ ተዘግቷል። ከቤት ሲወጡ መጽሐፍ ይዞ መውጣት ያልቻለው ብዙ ነው። ቤተሰቡን ለመርዳት የቀን ሥራ የገባም አለ። አሁን ማጥናት ይሻላል ወይስ መርሳት የሚለውን ጥያቄ እያንዳንዱ ለራሱ መመለስ ነበረበት። ቀኑ የታወቀ ፈተና የሚያስጨንቅ ከሆነ ቀኑ ያልታወቀ ፈተና ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ መገመት አያዳግትም።

በመጨረሻ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ከተነሣ ከ20 ወራት በኋላ፣ ዘግይቶ የቆየው ፈተና መሰጠት ጀመረ። ለመፈተን የተመዘገቡት ከ300,000 በላይ ነበሩ። ፈተናው በሠራዊቱ ቁጥጥር ሥር በነበሩት ክፍላተ አገርና እንደ ግብፅ ባሉ አገሮች በተቋቋሙ ጣቢያዎች ተሰጠ፤ አንዳንዶቹ ተፈታኞች ጣቢያው ለመድረስ በአደገኛ መንገድ ረጅም ጉዞ አድርገዋል። ሁሉም ግን ይህን ዕድል አላገኙም። በዳርፉር የነበሩት አብዛኞቹ ተማሪዎችና በቻድ የስደተኞች ጣቢያዎች የተጠለሉት ሊፈተኑ አልቻሉም። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ሠራዊቱ አብዛኛውን የባሕሪን ክፍል ከተቆጣጠረ በኋላ ነዋሪዎች ቀስ በቀስ ወደተቃጠለችው ከተማቸው መመለስ ጀመሩ።

የባሕሪ ተማሪዎች ዕጣ በታሪክ ብቸኛ አይደለም። በቻይና እ.ኤ.አ. በ1966 በተነሣው የፖለቲካ ነውጥ ምክንያት የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና ለ11 ዓመታት ተቋርጦ፣ እጅግ ብዙ የከተማ ወጣቶች በገጠር የእርሻ ሥራ እንዲሠሩ ተልከው ነበር። ፈተናው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1977 እንደገና ሲጀመር 5.7 ሚሊዮን ሰዎች ቀረቡ። ከእነርሱም ውስጥ ትምህርታቸውን ገና የጨረሱ ልጆችና ልጅ የወለዱ የሠላሳ ዓመት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ተፈተኑ። ወረቀት በማነሱ ለሌላ መጽሐፍ ማተሚያ የተያዘው ወረቀት ለፈተናው እንዲውል ተደረገ። የተመረጡት ወደ 270,000 የሚጠጉ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ዓመታት ግን አንድ ነገር አስተማሩ። ፈተናው ተረስቶ በነበረበት ጊዜ ማታ ማታ ያነበበ ሰው ቀኑ በድንገት ሲመጣ ባዶ እጁን አልቀረበም።

በኢትዮጵያም ፈተናው ከቀኑ የተዛወረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የ2012 ዓ.ም. ተፈታኞች እስከ የካቲት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ድረስ ጠብቀዋል። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ትምህርታቸው ለዓመታት የተቋረጠባቸው የትግራይ ተማሪዎች ደግሞ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ተፈትነዋል። ከእነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች አንድ እውነት ይገኛል። የፈተና ቀን በወረርሽኝ ሊተላለፍ፣ በስርቆት ሊሰረዝ፣ በጦርነት ሊቀር ይችላል። ሰው የተረዳውና የራሱ ያደረገው ዕውቀት ግን ድልድይ ቢፈርስም አብሮት ይሰደዳል፤ አብሮትም ይመለሳል።

እንግዲህ ሸክሙን ለማቅለል የሁሉም ድርሻ ያስፈልጋል። የመንግሥት ድርሻ በፈተናው ዓመት ብቻ ሳይሆን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መምህርና መጽሐፍ ማሟላት፣ እንደዚሁም የመሻገሪያውን ድልድይ ማብዛት ነው። ከግማሽ በታች ላመጡ ተማሪዎች በኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አንዱ ሙከራ ነው። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትም የወደቁት መጠለያ ተደርጎ መታየት የለበትም። የፈረሰው ድልድይ፣ የቆመው የውኃ ጣቢያና የተቃጠለው ፋብሪካ በባሕሪ እንደገና የሚሠሩት በመሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን በብየዳ ሠራተኛው፣ በኤሌክትሪክ ባለሙያውና በግንበኛውም ጭምር ነው። የወላጅ ድርሻ ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር ከማወዳደር መቆጠብና ውጤቱ ቢያንስም እንደማይጠላ በተግባር ማሳየት ነው። የመምህር ድርሻ ከሽምደዳ ይልቅ መረዳትን ማስተማር ነው። የተማሪው ድርሻ ደግሞ ጥናቱን ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ በየቀኑ ከፋፍሎ መሥራት፣ በቂ እንቅልፍ ማግኘትና ጭንቀቱ ሲበረታበት ለሚያምነው ሰው መናገር ነው።

ፈተና ለአንድ ኅብረተሰብ አስፈላጊ ነው። ዘመድ የሌለው የደሃ ልጅ በዕውቀቱ ብቻ ተመዝኖ ከባለጸጋው ልጅ ጋር እኩል እንዲቆም የሚያደርገው፣ በትክክል ከተሰጠ፣ ፈተና ነው። ነገር ግን መለኪያው ከሚለካው ሰው በላይ ሲከብር ዓላማውን ይስታል። በአንድ ሳምንት ውስጥ የተገኘ ቁጥር ተማሪው በዚያ ሳምንት ምን ያህል እንደመለሰ ይናገራል፤ ወደፊት ምን ሊሆን እንደሚችል ግን ሙሉ በሙሉ አይናገርም። ሃያ ወራት ጠብቀው፣ አገር አቋርጠው ለፈተና የቀረቡት የባሕሪ ወጣቶች ወረቀቱ ከመታረሙ በፊት አንዱን ፈተና፣ ማለትም የጽናትን ፈተና፣ አልፈው ነበር። ለዚህኛው ፈተና ግን የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ማንም የለም።